ጓደኛዬን ያጽናናት መጽሐፍ እኔን አናደደኝ

የጠያቂዋ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ እኔ ራሴ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ጉዳዬ ትንሽ ሊመስልዎት ይችላል። ስለ አንድ መጽሐፍ ነው።

ዕድሜዬ 34 ነው። ሰባት ሆነን በወር አንድ ጊዜ የምንገናኝበት የንባብ ቡድን አለን። ከተጀመረ ሦስት ዓመቱ ነው። የጀመርነው እኔና የልብ ጓደኛዬ ነን። ከእሷ ጋር ከተዋወቅን 12 ዓመት ሆኖናል፤ የማታውቀው ገመና የለኝም። ከሁለት ዓመት በፊት እናቷ ሞቱባት። በዚያ ክፉ ጊዜ ያነበበችው አንድ ልብ ወለድ አለ። «እኔን ያቆመኝ ይሄ መጽሐፍ ነው» ትላለች። ባለፈው ወር ለእኔም ገዝታ ሰጠችኝ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «እኔን እንዳቆመኝ አንቺንም ያቁምሽ» ብላ በእጇ ጽፋበታለች። ከዚያ የቡድኑም የወሩ መጽሐፍ ሆኖ ተመረጠ።

ጠላሁት። ሰለቸኝ ማለቴ አይደለም፤ ጠላሁት። ታሪኩ የአንዲት እናት ነው። ባሏ ይጠጣል፣ ይሳደባል፣ ይጠፋል፣ ይመለሳል። እሷ አምስት ልጆች ታሳድጋለች። ዝም ትላለች። በየምዕራፉ «ቻለችው» የሚል ቃል አለ፤ እኔ እስካነበብኩበት ድረስ 19 ጊዜ ቆጥሬዋለሁ። ደራሲው ይህን መቻሏን እንደ ቅድስና ያሞግሰዋል። ገጽ 211 ላይ ትልቋ ልጇ «እማዬ፣ ለምን ትተሽው አትሄጂም?» ትላታለች። እናትየው ፈገግ ብላ ፀጉሯን ትዳብሳታለች። በቃ፣ ሌላ መልስ የለም። እዚያ ላይ ደሜ ፈላ። ዘጋሁትና መደርደሪያው ጀርባ ወረወርኩት። እናቴም እንዲሁ ነበረች፤ እሱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

የባሰው ነገር ዋሽቻለሁ። ገጽ 60 አካባቢ ሳለሁ ጓደኛዬ «እንዴት አገኘሽው?» ብላ ጻፈችልኝ። ይሉኝታ ያዘኝና «በጣም ደስ ይላል፣ እያለቀስኩ ነው የማነበው» አልኳት። ደስታዋን ቢያዩት! «አውቄው ነበር፣ አንቺ እንደሚገባሽ አውቄው ነበር» አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልኳን ሳይ እሸማቀቃለሁ። ኢንተርኔት ላይ አስተያየቶችን ሳይ ሁሉም አምስት ኮከብ ነው የሰጠው። አንድ ኮከብ የሰጡትን ጥቂት ሰዎች ፈልጌ እስከ እኩለ ሌሊት አነበብኳቸው። የጠፉ ዘመዶቼን ያገኘሁ ነው የመሰለኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ቡድኑ ይገናኛል። ውይይቱን የምከፍተው እኔ ነኝ፤ ተራዬ ነው። ምን ላድርግ? ወድጄዋለሁ ብዬ ልለፈው? አሞኛል ብዬ ልቅር? የቀሩኝን 135 ገጾችስ የግድ መጨረስ አለብኝ? ሰው ሁሉ የሚያለቅስበትን መጽሐፍ እንዲህ መጥላቴ ጤነኛ ነው? ልቤ ደርቆ ይሆን?

ገጽ 211 ላይ የቆምኩት ነኝ

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የመጽሐፉን ስም ነግረሽኝ እንዳይወጣ ስለጠየቅሽኝ ትቼዋለሁ። ጉዳይሽ ትንሽ አይደለም። አንድ መጽሐፍ በአንቺና በ12 ዓመት ጓደኛሽ መካከል ገብቶ ስልክ ማንሳት ካስፈራሽ ጉዳዩ ከመጽሐፍም ያልፋል።

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ ከሁሉም በላይ ያስጨነቀሽ እሱ መሰለኝ። ልብሽ አልደረቀም። ልቡ የደረቀ ሰው መጽሐፍ አይወረውርም። ይዘጋውና ይተኛል።

አንቺ የጠየቅሽውን ጥያቄ ከአንቺ በፊት የጠየቀ ትልቅ ሰው አለ። ሩሲያዊው ደራሲ ሌቭ ቶልስቶይ የሼክስፒርን ድርሰቶች አምርሮ ይጠላ ነበር። ሳያነብ አይደለም የጠላቸው። በሩሲያኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ በጀርመንኛ ደጋግሞ አንብቧቸዋል። ዓለም ሁሉ የሚያደንቃቸው ሥራዎች ለእሱ አስጠሊታ ሆኑበት። ታዲያ የስህተቱ ባለቤት እኔ ነኝ ወይስ አድናቂው ሁሉ ነው እያለ ለብዙ ዓመታት ራሱን ጠየቀ። በ75 ዓመቱ ራሱን ለመፈተን የሼክስፒርን ሥራዎች በሙሉ እንደገና አነበበ። ስሜቱ አልተለወጠም። በ1906 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ጽፎ አሳተመው። እንግዲህ ብዙ ሰው የወደደውን መጽሐፍ መጥላት በሽታ ከሆነ፣ ቶልስቶይም ታሟል ማለት ነው።

ታሪኩ ግን እዚያ አያበቃም። ይህን ያነሳሁልሽም ለቀጣዩ ክፍል ስል ነው።

በ1947 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ደራሲ ጆርጅ ኦርዌል ለቶልስቶይ ጽሑፍ መልስ ጻፈ። ቶልስቶይ ከሼክስፒር ተውኔቶች ሁሉ መርጦ ያብጠለጠለው «ንጉሥ ሊር»ን ነበር። ኦርዌል «ለምን እሱን?» ብሎ ጠየቀ። ሊር ሥልጣኑንና መሬቱን ለልጆቹ ሰጥቶ፣ ኋላ ተገፍቶ፣ በዝናብና በንፋስ የሚንከራተት ሽማግሌ ነው። ቶልስቶይስ? ሀብቱንና ማዕረጉን ለመተው በኋለኛው ዕድሜው ከራሱም ከቤተሰቡም ጋር ሲታገል የኖረ ሰው ነው። ጽሑፉን ካሳተመ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ82 ዓመቱ፣ ሌሊት ከቤቱ ወጥቶ ሄደ። ከጥቂት ቀናት በኋላ አስታፖቮ በምትባል የባቡር ጣቢያ ሞተ። ታማኝ ልጁ አጠገቡ ነበረች፤ ሊርም አንዲት ታማኝ ልጅ አለችው። ኦርዌል እንዳየው፣ ቶልስቶይ ያን ተውኔት እንደዚያ የጠላው ሳያውቀው የራሱን መልክ ስላየበት ሊሆን ይችላል።

ይህን ሳስብ ነው ደብዳቤሽ ውስጥ ያለች አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ የቆምኩት። «እናቴም እንዲሁ ነበረች፤ እሱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።»

እህቴ፣ እውነት ሌላ ጉዳይ ነው?

ስለ መጽሐፉ ብዙ ጻፍሽልኝ። «ቻለችው» የሚለውን ቃል 19 ጊዜ ቆጥረሻል። ሰው የሰለቸውን መጽሐፍ ቃል አይቆጥርም። ስለ እናትሽ ግን የጻፍሽው ያቺን ብቻ ነው። በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ እንኳ አልነገርሽኝም። ስለዚህ እየገመትኩ እንዳልሳሳት መጠየቅ ይሻለኛል። አንቺም «ለምን አትሄጂም?» ብለሽ ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ? ፀጉርሽን ዳብሰው ዝም አሉሽ? ወይስ ጥያቄው ጉሮሮሽ ላይ ደርሶ ሳይወጣ ቀረ? ሰው ሁሉ «እንዴት ያለች ጠንካራ ሴት!» እያለ እናትሽን ሲያመሰግን፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ የሚሆነውን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነበርሽ? መልሱን ለእኔ መጻፍ የለብሽም። ለራስሽ ግን መልሺው።

አንድ ነገር እንዳይምታታብሽ እፈልጋለሁ። «ያናደደሽ የራስሽ ቁስል ነው፤ መጽሐፉ ምንም አልሆነም» እያልኩሽ አይደለም። እንዲህ ያለውን አነጋገር አልወደውም። ሰው በምክንያት የሚያቀርበውን ቅሬታ ወደ ግል ሕመም አውርዶ ዝም ማሰኛ ነው። ቁስል ያለበት ሰው ሌላው የማያየውን ሊያይ ይችላል። ናይጄሪያዊውን ደራሲ ቺኑዋ አቼቤን አስቢው። በ1975 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ባደረገው ንግግር፣ በየዩኒቨርሲቲው እንደ ታላቅ ሥራ የሚማሩትን የጆሴፍ ኮንራድን የአፍሪካ ልብ ወለድ ፊት ለፊት ተቃወመ። አፍሪካውያኑ እዚያ መጽሐፍ ውስጥ እንደ ሰው አልተሳሉም አለ። አፍሪካዊ ስለሆነ አሞታል፤ አዎ። ግን በንዴት ብቻ አልተናገረም። መስመር በመስመር አንብቦ፣ ደራሲው ለማን ቋንቋ እንደሰጠ፣ ለማን ጩኸት ብቻ እንደተወ አሳየ። ዛሬ ያን ልብ ወለድ የሚያስተምር መምህር የአቼቤን ተቃውሞ ሳያነሳ ማለፍ ይከብደዋል።

የአንቺም ቅሬታ ከባድ ቅሬታ ነው። ሴት ልጅ በደልን ዝም ብላ ስትሸከም እንደ ቅድስት የሚያሳይ መጽሐፍ፣ አንባቢዋን «አንቺም ቻይው» ሊላት ይችላል። ይህን ማንሳት መብትሽ ነው፤ ምናልባትም ቡድንሽ መስማት ያለበት ነገር ነው። እኔ የምልሽ ሁለቱን ለያቸው ነው። ደራሲው የበደለው የትኛው ነው? ሕይወት የበደለችሽስ? አንድ ወረቀት ውሰጂና መሃሉን በመስመር ክፈዪው። በአንደኛው በኩል መጽሐፉ ውስጥ በገጽ ልታሳዪው የምትችዪውን ጻፊ። በሌላው በኩል ስታነቢ ትዝ ያለሽን ጻፊ፤ ድምፅ ይሁን፣ ክፍል ይሁን፣ ቀን ይሁን። የመጀመሪያውን ለቡድኑ ትወስጂዋለሽ። ሁለተኛው የአንቺ ነው። ለማን እንደምታሳዪው አንቺ ትመርጫለሽ።

አሁን ወደ ጓደኛሽ እንምጣ።

ለመሆኑ እሷ ያነበበችው አንቺ ያነበብሽውን መጽሐፍ ነው? ፊደሉ አንድ ነው። ግን እናቷን ቀብራ የተመለሰች ሴት ያቺን ገጸ ባሕርይ ስታይ፣ ያየችው መቻሏን ላይሆን ይችላል። የእጆቿን እንቅስቃሴ፣ የልጆቿን ስም ስትጠራ ያለውን ድምፅ፣ ሌሊት በር ስትዘጋ ያለውን ኮቴ ይሆናል ያየችው። የሞተ ሰው ናፍቆት እንዲህ ባለው ዝርዝር ነው የሚኖረው። አንቺ «ለምን አትሄድም?» እያልሽ ስታነቢ፣ እሷ «ምነው ባትሄድብኝ ኖሮ» እያለች አንብባ ሊሆን ይችላል። ይህ ግምት ነው። እውነቱን የምታውቀው እሷ ናት። 12 ዓመት ስታወሩ «ከመጽሐፉ የትኛው ቦታ ነው ያቆመሽ?» ብለሽ ጠይቀሻት ታውቂያለሽ? ደብዳቤሽ ላይ አላየሁትም። መጽሐፉን ከሰጠችሽ ጊዜ ጀምሮ የተነጋገራችሁት ወደድሽው አልወደድሽው ላይ ብቻ ነው።

ስለ ውሸቱ አልፈርድብሽም። ይሉኝታ ሁላችንንም እንዲህ ያናግረናል። ያዘነን ሰው ላለማስከፋት የተባለ ነገር ነው። ብቻ እያደገ የሚሄድ ነገር ስለሆነ በጊዜ ማቆም ይሻላል። ይህን የምልሽ ደርሶብኝ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ወዳጄ በጣም የሚወደውን መጽሐፍ ሰጠኝ። አልወደድኩትም፤ «ግሩም ነው» አልኩት። የዚያኑ ደራሲ ሌላ መጽሐፍ አመጣልኝ። እሱንም አመሰገንኩ። ለአራት ዓመት ያህል ስለዚያ ደራሲ አወራን። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ እውነቱን ነገርኩት። መጽሐፉን ስላልወደድኩ ቅር ይለዋል ብዬ ነበር የፈራሁት። ቅር ያለው በሌላ ነው። «ለካ ይሄን ሁሉ ጊዜ ብቻዬን ነበር የማወራው» አለኝ። ይህ አነጋገሩ እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣም። ጓደኛሽ «አንቺ እንደሚገባሽ አውቄው ነበር» ስትልሽ፣ በዚያ ሐዘን ውስጥ አብራት ያለሽ መስሏት ነው። ብቻዋን አትተያት።

በመጽሐፍ መለያየት ጓደኝነትን ያፈርሳል ብለሽ እንዳትፈሪ። በ1922 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊቷ ደራሲ ቨርጂኒያ ዉልፍ የጄምስ ጆይስን ልብ ወለድ «ዩሊሰስ»ን ማንበብ ጀመረች። 200 ገጽ ካነበበች በኋላ ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ግራ እንደገባት፣ እንደሰለቻትና እንደተናደደች ጻፈች። ጓደኛዋ ገጣሚው ቲ. ኤስ. ኤልየት ደግሞ ያንኑ መጽሐፍ ከቶልስቶይ «ጦርነትና ሰላም» ጋር የሚያስተካክለው ሰው ነበር። ይህንንም እዚያው ደብተሯ ላይ ጽፋዋለች። አንድ መጽሐፍ አንዷን እንዲያ ሲያስመርር ሌላውን እንዲህ አስደነቀው። በዓመቱ፣ በ1923 እ.ኤ.አ.፣ ዉልፍና ባለቤቷ ቤታቸው ባለው አነስተኛ ማተሚያ የኤልየትን ረጅም ግጥም አሳተሙለት። የግጥሙን ፊደሎች አንድ በአንድ የለቀመችው ዉልፍ ራሷ ናት፤ በገዛ እጇ።

ካነሳሻቸው መንገዶች አንዱ ወድጄዋለሁ ብሎ ማለፍ ነው። ለአንድ ምሽት ይሠራ ይሆናል። ግን ውይይት መክፈት ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግሮ መቀመጥ አይደለም። ሰዎች ይጠይቁሻል። ከአንገት በላይ ስታወሪ ደግሞ 12 ዓመት የምታውቅሽ ሴት ፊትሽን ታነበዋለች። አሞኛል ብሎ መቅረት ደግሞ ሁለተኛ ውሸት ይጨምርልሻል፤ ቀጥላ «ታዲያ ምን አሰብሽ?» ማለቷ አይቀርም። ደብዳቤሽ ላይ ያልጠቀስሽው ሦስተኛ መንገድ አለ፤ እኔ በጣም የምፈራልሽ እሱን ነው። ሦስት ሳምንት ውጠሽ ቆይተሽ ስብሰባው መሃል መፈንዳት። አንድ ሰው «ምን ዓይነት ድንቅ እናት ናት!» ሲል አላስችል ይልሽና አምስት ሰው ፊት ትናገሪዋለሽ። ያኔ ጓደኛሽ መጽሐፉን መጥላትሽንም መዋሸትሽንም በአንድ ጊዜ፣ በሰው ፊት ትሰማለች። ይህ እንዳይሆን ጥንቃቄ አድርጊ።

ስለዚህ ቀድመሽ ለብቻዋ አግኛት። በጽሑፍ መልእክት አይሁን፤ እንዲህ ያለ ነገር ፊት ለፊት ነው የሚያምረው። እስከዚያ ሁለት ሳምንት አታሳልፊ። ቅድሚያ እውነቱን ተናገሪ፤ ትንታኔው ይቆይ። «ያን ቀን በጣም ወደድኩት ያልኩሽ እውነት አልነበረም። አንቺን ማስከፋት ፈርቼ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ» በይያት። ከዚያ ስለ መጽሐፉ ጉድለት ለመናገር አትቸኩዪ። «አንቺን ያቆመሽ ምኑ እንደሆነ ንገሪኝ» በይና ስሚያት። ጥሩ አድርገሽ ስሚያት። እያዳመጥሽ ውስጥሽ መልስ ማዘጋጀት ከጀመረ፣ እሱን ተይውና ወደ ድምፅዋ ተመለሺ። ስትጨርስ የአንቺን ትነግሪያታለሽ። እዚህ ላይ ነው ምርጫው ያለው። «ደራሲው እንዲህ ማድረግ አልነበረበትም» ልትያት ትችያለሽ። ወይም «ገጽ 211ን ሳነብ እናቴ ትዝ አለችኝ» ልትያት ትችያለሽ። እኔ ሁለተኛውን ብትመርጪ እወዳለሁ። የመጀመሪያው ክርክር ይጀምራል። ሁለተኛው የምታውቅሽን ሴት ወደ አንቺ ያቀርባታል። የማታውቀው ገመና የለኝም ብለሻል፤ ይሄን ታውቃለች ወይ?

ልታዝን ትችላለች። ዝም ልትልም ትችላለች። በዚያው ሰዓት እንድታጽናናሽ አትጠብቂ። እናቷን ካስታወሰችበት መጽሐፍ ጋር የተያያዘ ነገር ነውና ጊዜ ይፈልጋል። በማግስቱ ደውዪላት፤ ስለ መጽሐፉ ሳይሆን እንዴት እንዳደረች ለመጠየቅ።

ቀሪዎቹን 135 ገጾች በተመለከተ፣ ማንም አንባቢ የጀመረውን የመጨረስ ግዴታ የለበትም። ፈረንሳዊው ደራሲ ዳንኤል ፔናክ በ1992 እ.ኤ.አ. የአንባቢን አሥር መብቶች ሲዘረዝር ሦስተኛው መጽሐፍን አለመጨረስ ነበር። አሜሪካዊቷ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ናንሲ ፐርል ደግሞ 50 ገጽ ሞክሩት፣ ካልያዛችሁ ተዉት ትላለች። ዕድሜው ከ50 ላለፈ ሰው ቁጥሩ ያንሳል፤ ከ100 ላይ ዕድሜን ቀንሶ የሚተርፈውን ያህል ገጽ ነው የሚሞክረው። አንቺ 211 ደርሰሻል፤ ድርሻሽን ከአራት እጥፍ በላይ ከፍለሻል። ለራስሽ የምታነቢው ቢሆን ኖሮ «ተይው፣ ለሚወደው ሰው ስጪው» ብዬሽ እቀጥል ነበር።

የአንቺ ሁኔታ ግን ይለያል። ውይይቱን የምትከፍቺው አንቺ ነሽ፤ ቅሬታሽም ደራሲው እናትየውን የት እንዳደረሳት ይመለከታል። ያልጨረስሽውን መጽሐፍ ስትወቅሺ ማንም በአንዲት ገጽ ዝም ሊያሰኝሽ ይችላል። «መጨረሻውን አላየሽም እኮ» ይሉሻል፤ እውነታቸውንም ነው። ልጅቷ ያን ጥያቄ በኋላ ደግማ ትጠይቅ ይሆን? እናትየው አንድ ቀን ትመልስላት ይሆን? እኔም መጽሐፉን ስላላነበብኩት ልነግርሽ አልችልም። ስለዚህ ከቻልሽ ጨርሺው። በቀን ዘጠኝ ገጽ ብታነቢ በ15 ቀን ያልቃል። ማታ አልጋ ላይ አታንብቢው፤ ቀን፣ ሰው ባለበት፣ እርሳስ ይዘሽ አንብቢው። የተናደድሽበት መስመር ጎን ምልክት አድርጊና እለፊ። ስታነቢ ደረትሽ ከተጨነቀ፣ እንቅልፍ ካጣሽ፣ ያለፈው ነገር እየመጣ ካስቸገረሽ ግን ወዲያው አቁሚ። ለቡድኑ «እዚህ ድረስ ነው ያነበብኩት፤ ከዚህ በላይ አልቻልኩም» ማለት ይበቃል። ለንባብ ቡድን ብለሽ ራስሽን አታሳምሚ።

እነዚያን የአንድ ኮከብ አስተያየቶች ደግሞ እስከ ስብሰባው ድረስ ተያቸው። ብቻሽን አለመሆንሽን ማወቅ እንዳሳረፈሽ ይገባኛል። ሥራቸውን ግን ጨርሰዋል። ከዚህ በኋላ ብዙ ባነበብሻቸው ቁጥር የእነሱን ቃል ተውሰሽ ትናገሪያለሽ። አንቺ የምትዪው ነገር ደግሞ እነሱ ካሉት የጠለቀ ነው።

በዕለቱ ምን ልበል ብለሽ ብዙ አትጨነቂ። የሚከፍት ሰው ማመስገን አለበት ያለው ማን ነው? በሐሳብ ጀምሪ። «ይህ መጽሐፍ ከመካከላችን አንዳንዶቻችንን በጣም ነክቷል። እኔን ደግሞ ታግሎኛል። ለምን እንደታገለኝ በኋላ እነግራችኋለሁ፤ በቅድሚያ የነካችሁን ቦታ ንገሩኝ» ብትዪስ? ከዚያ ገጽ 211ን አውጪና ያቺን ግማሽ ገጽ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። «ይህ ዝምታ ለእናንተ ምንድን ነው? ፍቅር ነው? ፍርሃት ነው? ልጅቷስ ምን ሰማች?» ብለሽ ጠይቂ። ሰው ሁሉ የሚስማማበት ውይይት በ20 ደቂቃ ያልቃል፤ ይህን ከቡድንሽ ልምድ ታውቂዋለሽ። አንድ ሰው በቅንነት «እኔ አልተቀበልኩትም» ሲል ነው ሌላውም «እኔም እኮ እዚያ ቦታ ላይ…» ማለት የሚጀምረው። እንዲያውም ከስድስቱ መካከል እንደ አንቺ ውጣ የተቀመጠች አትጠፋም ብዬ አስባለሁ።

ከቃላትሽ ግን አንድ ነገር ጠብቂ። «መጽሐፉ እንዲህ ያደርጋል» በይ እንጂ «ይህን የወደደ ሰው እንዲህ ነው» አትበዪ። እንዲህ ያለው አነጋገር ጓደኛሽን ልቧ ላይ ይወጋታል፤ ከዚያ በኋላ ያለሽውን ሁሉ ብትመልሺ አይመለስም።

ስለ እናትሽ ያልኩሽን ደግሞ በዚህ ሦስት ሳምንት ውስጥ ጨርሺው አልልሽም። በሕይወት ካሉ፣ ዓይናቸውን እያየሽ መጠየቅ የምትፈልጊው ነገር ይኖር ይሆናል። ጊዜውን አንቺ ታውቂዋለሽ። ከሌሉም ለእሳቸው የማይላክ ደብዳቤ መጻፍ ይቻላል፤ ብዙ ሰው ሲቀለው አይቻለሁ። መጽሐፉ ተመልሶ መደርደሪያው ላይ ከገባ በኋላም ንዴቱ ካልበረደ፣ ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ቁጭ ብለሽ ብታወሪ ደስ ይለኛል። ያደግሽበት ቤት ውስጥ ያየሽው ነገር ከሆነ፣ ብቻሽን ልትሸከሚው አይገባም። አንቺም «ቻለችው» እንድትባዪ አልፈልግም።

አሁን ግን ወደ መደርደሪያው ሂጂና መጽሐፉን ከጀርባው አውጪው። የመጀመሪያውን ገጽ ክፈችና ጓደኛሽ የጻፈችልሽን እንደገና አንብቢው። ከዚያ ደውዪላት። ቀጠሮ ለመያዝ ብቻ ነው፤ ስልክ ላይ ምንም አትዘርዝሪ። «ስለ መጽሐፉ አንድ የምነግርሽ ነገር አለ፤ አንቺንም የምጠይቅሽ አለ፤ መቼ ይመችሻል?» በያት። የምትላትን ቀን ያዢ፤ ከተገናኛችሁ በኋላም ጻፊልኝ።